ስለ ፈረስ የየዕለት እንክብካቤ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች፦ ምን ልግዛ፣ ምኑን ልተው?

ያደግኩት ደብረ ብርሃን ነው፣ አባቴ ባለጋሪ ነበር፣ እና እኛ ቤት ጠዋት ከሰው ቀድሞ ቁርሱን የሚበላው ፈረሱ ነበር። አሁን ሱሉልታ አካባቢ አንዲት ባዝራ ከነልጇ ይዤ አለሁ። ፈረስ እንዳለኝ የሰማ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ ያው አንድ ዓይነት ነገር ነው፣ ምን ልግዛለት፣ ምን ልቀባው፣ ምን ላብላው፣ ስለዚህ መልሼ መላልሼ ከማወራ አንዴ ልጻፈው አልኩ። የእንስሳት ሐኪም አይደለሁም፣ በሽታ ላይ የምነግራችሁ ሐኪም እስኪመጣ ድረስ ምን ማድረግ እንዳለባችሁና ምን ማድረግ እንደሌለባችሁ ብቻ ነው።

ፈረስ ገና መግዛቴ ነው፣ መጀመሪያ ምን ምን ዕቃ ልግዛ?

ኮርቻ እንዳትሉኝ ብቻ። ሰው ሁሉ ቀድሞ የሚሮጠው ያሸበረቀ ኮርቻና ልጓም ለመግዛት ነው፣ ፈረሱ ግን የመጀመሪያው ሳምንት ላይ የሚያስፈልገው ሌላ ነው። ሁለት ባልዲ (አንዱ የመጠጫ አንዱ የመታጠቢያ፣ መቼም አይቀላቀሉም)፣ ሁለት ብሩሽ፣ የሰኮና መፈልፈያ፣ አሞሌ ጨው፣ ቫዝሊን፣ ፋርማሲ ሄዳችሁ ቤታዲን ስትሉ የሚሰጧችሁ ቡናማው አዮዲን፣ እና ቴርሞሜትር። ቴርሞሜትሩ ለሰው የሚሸጠው ዲጂታሉ ይበቃል፣ በጭራው ስር በቂጡ ነው የሚለካው፣ ጫፉ ላይ ክር እሰሩበት ወደ ውስጥ እንዳይገባባችሁ፣ ቫዝሊን ቀብታችሁ አስገቡት፣ ቆማችሁ ደሞ ከኋላው ሳይሆን ከጎኑ ጭኑን ተጠግታችሁ። ጤነኛ ፈረስ ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ነው። ፈረሳችሁ ጤነኛ በሆነበት ቀን ሶስት አራቴ ለክታችሁ የራሱን ቁጥር ጻፉ፣ የታመመ ቀን የምታወዳድሩት ከዛ ጋር ነው።

ማሰሪያ ላይ አንድ የምወደው ነገር አለ፣ ያረጀ የመኪና ቀበቶ። ሶማሌ ተራ ከተፈቱ መኪኖች የወጣ ቀበቶ ታገኛላችሁ፣ ሰፊ ነው፣ ለስላሳ ነው፣ አይበጠስም፣ ጫማ ሰፊ ጋ ወስዳችሁ የአንገትና የአፍንጫ ማሰሪያ ብታሰፉበት ዓመታት ያገለግላል። የናይለን ገመድና ሲባጎ ግን ፈረስ ላይ አታሳዩኝ፣ ደንግጦ የጎተተ ቀን ቆዳውን እንደ ቢላ ነው የሚሸረክተው።

በየቀኑ መቦረሽ ግድ ነው? የትኛው ብሩሽ ይሻላል?

ግድ ነው፣ ግን ለማማር ብላችሁ አይደለም። ፈረስ ላይ እጃችሁን በየቀኑ ከጆሮው እስከ ጭራው ካላስኬዳችሁ እብጠቱን፣ መዥገሩን፣ ገና የሚጀምረውን ቁስል አታገኙትም። አባቴ ጠዋት ጠዋት ጨለማ ላይ ነበር ቦራን የሚዳስሰው (ግንባሩ ላይ ነጭ ስላለው ነው ቦራ ያልነው)፣ መብራት የለም፣ በባዶ እጁ ደረቱን፣ ብብቱን፣ ጀርባውን እየነካካ ይሄዳል፣ የሆነ ቦታ ሲደርስ ፈረሱ ቆዳውን ከነዘረው አባቴ ያቺን ቦታ ደግሞ ይነካታል፣ ደግሞ ከነዘረው የዛን ቀን ጋሪ የለም። እኛ ልጆቹ ዳቦ ጠፋ ማለት ነው፣ እሱ ግን ቁርጥ ነበር።

ለብሩሹ ብዙ ብር አታውጡ። ከውጭ የሚመጡት የፈረስ ብሩሾች ጥሩ ናቸው፣ ካገኛችሁ ግዙ፣ ካልሆነ ግን አንድ ጠንካራ የልብስ ማጠቢያ ብሩሽ ለጭቃው፣ አንድ ለስላሳ ደሞ ለፊቱና ለእግሩ በቂ ነው። ጭቃው ይድረቅና ነው የሚቦረሸው፣ እርጥቡን ስታሹት ወደ ቆዳው ነው የምትቀብሩት። ኮርቻ ከመጫናችሁ በፊት ጀርባውንና መታጠቂያው የሚያልፍበትን ቦታ ሳትቦርሹ አትጫኑ፣ አንዲት የደረቀች ጭቃ ከስሩ ከገባች ማታ ላይ ቁስል ናት።

ሚዛን የለኝም፣ ክብደቱን እንዴት ልወቅ?

ይሄ ነገር መድኃኒት ላይም መኖ ላይም ስለሚያስፈልግ አንዴ ልመዱት። ደረቱን ከፊት እግሮቹ ኋላ ዙሪያውን በሴንቲሜትር ትለካላችሁ፣ ከዛ ርዝመቱን ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ ጫፍ አጥንት ትለካላችሁ፣ የደረቱን ቁጥር በራሱ አባዙት፣ በርዝመቱ አባዙት፣ ለ11880 አካፍሉት፣ የሚመጣው ኪሎ ነው። የኔዋ ባዝራ ደረቷ 148 ርዝመቷ 135 ነው፣ ስታሰሉት ወደ 249 ኪሎ ይመጣል። የልብስ ሰፊ ሜትር 150 ላይ ስለሚያልቅ ብዙ ፈረስ ላይ አይደርስላችሁም፣ በክር ዙሩበትና ክሩን መሬት ላይ ዘርግታችሁ ለኩ። በዓይን መገመት እንደሚያሳስት ራሴን አይቻለሁ፣ ባዝራዋን ሳልለካት 350 ነበር የምላት፣ በዛ ግምት መድኃኒት ብሰጣት ኖሮ አስቡት።

በቀን ምን ያህል ይብላ? ገብስ ነው ፉርሽካ ነው ዋናው?

ዋናው ሳር ነው። የፈረስ ሆድ ቀኑን ሙሉ ትንሽ ትንሽ እንዲገባበት የተሠራ ነው፣ ጨጓራው ለሰውነቱ በጣም ትንሽ ናት፣ አሲዷ ደሞ ባዶም ሆና አታቋርጥም፣ ስለዚህ ጠዋት አንዴ ገብስ ደፍቶለት እስከ ማታ ባዶውን ማቆም ትልቁ ስህተት ነው። በደረቅ ድርቆሽ ስታሰሉት በቀን ከክብደቱ 2 ፐርሰንት አካባቢ ያዙ፣ 250 ኪሎ ለሆነ ፈረስ ወደ 5 ኪሎ ማለት ነው፣ የሚሠራ ከሆነ ጨምሩ። የሱሉልታ ድርቆሽ ጥሩ ስም አለው፣ ግን ስሙን ሳይሆን እስሩን ፈታችሁ ውስጡን አሽትቱ፣ ሻይ ሻይ የሚል ጥሩ ሽታ ካለው ውሰዱ፣ ሻጋታ ሻጋታ ካለ ወይ ስታራግፉት ነጭ አቧራ ከቦነነ በነፃም ቢሰጧችሁ ተዉት። ትንሽ አቧራማ ብቻ ከሆነና ፈረሱ የሚያስል ከሆነ ውሃ አርከፍክፉበት ከመስጠታችሁ በፊት።

የጤፍ ጭድ ሆድ ይሞላል፣ ለብቻው ግን ጉልበት አይሰጥም። ገብስ ለሚሠራ ፈረስ ጥሩ ነው፣ ተሰንጥቆ ወይ በደንብ ተዘፍዝፎ፣ ግን በአንድ ጊዜ ከ1 ኪሎ በላይ ለኛ ሀገር ፈረስ አትስጡ፣ ሁለትና ሶስት ቦታ ከፋፍሉት። ፉርሽካ ትንሽ እርጥብ አድርጋችሁ ከገብሱ ጋር ብትቀላቅሉ ይበላዋል፣ ብቻውን ዋና ምግብ ካደረጋችሁት ግን ፎስፈረሱ ከካልሲየሙ በጣም ስለሚበልጥ አጥንቱን ይጎዳል። አንድ ጠቃሚ ነገር፦ የምትሰፍሩበትን ጣሳ አንዴ ወፍጮ ቤት ወስዳችሁ በገብስም በፉርሽካም አስመዝኑት፣ አንድ ጣሳ ፉርሽካና አንድ ጣሳ ገብስ ኪሏቸው በጭራሽ አንድ አይደለም። መኖ ስትቀይሩ ደሞ በአንድ ቀን አትቀይሩ፣ ከሳምንት እስከ አስር ቀን እያቀላቀላችሁ።

እቤት የተረፈ ነገርስ? አተላ፣ ጓያ፣ የዶሮ መኖ?

እዚህ ላይ ጠንከር ልበል። የዶሮ መኖ በፍጹም። ብዙ የጫጩት መኖ ውስጥ ሞኔንሲን የሚባል መድኃኒት ይቀላቀላል፣ ለዶሮ የኮክሲዲያ (አንጀቷን የሚያጠቃ ተውሳክ ነው) መከላከያ ነው፣ ፈረስን ግን በትንሽ መጠን ልቡን አቁሞ ይገድለዋል፣ ማርከሻም የለውም። ዶሮና ፈረስ አንድ ግቢ ያላችሁ ሰዎች መኖውን ለየብቻ ክፍል አስቀምጡ፣ አካፋውም ጣሳውም ለየብቻ ይሁን።

ጓያም እንደዛው ነው። ሰው ላይ እግር እንደሚያሽመደምድ ሁላችንም እናውቃለን፣ ፈረስ ደሞ ከሌሎቹ ከብቶች ይልቅ ለሱ ስስ ነው፣ የኋላ እግሩን ያደክመዋል፣ ጉሮሮውን ይዞት ሲሮጥ እያፏጨ እንዲተነፍስ ያደርገዋል፣ እና ሲጀምር ሳይሆን ከቆየ በኋላ ነው የሚታየው። ድርቅ ባለበት ዓመት ገበያ ላይ ርካሽ እህል ሲቀርብላችሁ ውስጡን አይታችሁ ግዙ።

አተላ ላሟ ትጠጣው፣ ፈረስ ሆዱ ሲነፋ እንደኛ አያስታውክም፣ እንደ ላምም አያመሰኳም፣ የገባ ነገር መውጫው አንድ ብቻ ነው።

ጨው ያስፈልገዋል? የትኛው ጨው?

አዎ። ከአፋር የሚመጣው አሞሌ ከሁሉም ይሻላል፣ በጠፍር አስራችሁ ግርግሙ አጠገብ በአንገቱ ቁመት ስቀሉለት፣ መሬት ላይ ከተዋችሁት ሽንት ይነካዋል። ለ250 ኪሎ ፈረስ በቀን ወደ 25 ግራም ጨው መነሻው ነው፣ ላብ ካለው ከዛ በላይ ይፈልጋል፣ አሞሌው ካለ የፈለገውን ያህል ራሱ ይልሳል፣ ውሃው እስካልጠፋ ድረስ ስጋት የለውም።

በላብ ላይ ውሃ ማጠጣት ይገድለዋል ይባላል፣ እውነት ነው?

እኔም እየሰማሁ ነው ያደግኩት፣ አባቴም ያምነው ነበር፣ ቦራ በላብ ተዘፍቆ ቆሞ ባልዲውን እያየ አንድ ሰዓት ይጠብቅ ነበር፣ አሁን ሳስበው አንጀቴን ይበላኛል። ላብ ያለው ፈረስ የሚጎዳው ውሃ ሲከለከል ነው። ጥቂት ጉንጭ ይጠጣ፣ ትንሽ አራምዱት፣ ደግሞ ይጠጣ፣ እንደዛ እያላችሁ እስኪረካ። ከዛ ላይ አንገቱና ጎኖቹ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አፍስሱበትና በእጃችሁ ጠርጋችሁ አውርዱት፣ እንደገና አፍስሱ። እህሉ ግን ይቆይ፣ ትንፋሹ እስኪመለስ ድረስ ገብስ የለም።

በቀን 250 ኪሎ የሚሆን ፈረስ ሥራ ፈትቶ ቆሞ እንኳን ከ12 እስከ 15 ሊትር ይጠጣል፣ ሙቀትና ሥራ ካለ እጥፉን። መለኪያ ከፈለጋችሁ ያቺ ቢጫ ጀሪካን 20 ሊትር ናት። ጀሪካኑን በቁመቱ ቆርጣችሁ ገንዳ ታደርጉት ይሆናል፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን የተቆረጠውን ጠርዝ በጋለ ቢላ አለስልሱት ከንፈሩን ይቆርጠዋል። ገንዳው በየቀኑ ይታጠብ፣ አረንጓዴ የያዘ ገንዳ እናንተ ትጠጡበታላችሁ? ደጋ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ውርጭ ሲሆን ጠዋት ውሃው ጥርስ ስለሚያስነክስ ብዙ ፈረስ ሳይጠጣ ይውላል፣ የሆድ ድርቀቱ የሚመጣውም ያኔ ነው፣ ትንሽ የሞቀ ውሃ ቀላቅሉለት።

ሰኮናውን ምን ልቀባው? የተቃጠለ ዘይትስ?

የተቃጠለ የሞተር ዘይት አትቀቡ፣ መርዝ ነው እንጂ ቅባት አይደለም። የሚሻለው ምንም ሳትቀቡ በየቀኑ መፈልፈል ነው። ከተረከዙ ወደ ጫፉ፣ መሀል ያለችውን ቪ ቅርጽ ለስላሳ ሥጋ ሳትወጉ፣ ከግራና ከቀኟ ያለውን ቦይ አጥሩት። መፈልፈያ ካጣችሁ ጫፉ ተጣሞ የዶለዶመ ብረት ከብረታ ብረት ሠራተኛ አሠሩ፣ ሹል ነገር ግን አይሆንም። ከቦዩ ጥቁር እርጥብ ነገር ከወጣና ሽታው አፍንጫ ከመታ ሰኮናው መበስበስ ጀምሯል፣ በደንብ አጥባችሁ አድርቁትና አዮዲኑን በጥጥ ንከሩበት በየቀኑ፣ ዋናው መድኃኒት ግን የቆመበት ቦታ ነው፣ ክረምት ላይ ጭቃና ፋንድያ ላይ ውሎ የሚያድር ፈረስ ምንም ብትቀቡት አይድንም፣ ከፍ ያለ ጠጠር የፈሰሰበት ደረቅ ቦታ አዘጋጁለት።

በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ ደሞ በሚያውቅ ሰው ይከርከም። ጫፉ የረዘመ ሰኮና ጅማቱን ይጎትተዋል፣ እናንተ ደሞ እግሩን አነከሰ ብላችሁ ጉልበቱን ታሻላችሁ።

የኮርቻና የጋሪ ዕቃ ቁስል እንዴት ነው የሚቀረው?

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። መንገድ ላይ ጋሪ የሚጎትት ፈረስ ስታዩ ደረቱንና ጀርባውን እዩት፣ ከሚገርፈው አለንጋ ይልቅ የታሰረበት ዕቃ ነው የጨረሰው። ናይለን፣ የመኪና ጎማ ቁራጭ፣ ከስሩ ደሞ ለልስላሴ ተብሎ የገባ የማዳበሪያ ጆንያ። ማዳበሪያው ላብ አይመጥም፣ ያንሸራትታል፣ ያሞቃል፣ ቆዳው ቀልጦ ይላጣል።

መፍትሔው አጎዛ ነው። እውነቴን ነው፣ ለበዓል የታረደው የበግ ቆዳ፣ ጠጉሩ ወደ ፈረሱ ሆኖ ደረት ማሰሪያው፣ መታጠቂያውና የጀርባ ማረፊያው ላይ ዙሪያውን ይሰፋ። ጠጉሩ አየር ይይዛል፣ ላቡን ይጠጣል፣ ሲቆሽሽ ታጥቦ ይሰጣል። ከመሰፋቱ በፊት በደንብ ይልፋ፣ ደርቆ የተጨማደደ አጎዛ ከጆንያውም ይብሳል። ሁለት ሁለት ሥሩ፣ አንዱ ሲታጠብ አንዱ ይውላል። አጎዛ ካላገኛችሁ ያረጀ የጥጥ ጋቢ ወይ ብርድ ልብስ አጥፋችሁ ሳይጨማደድ አድርጉ፣ ጥጥ ይሁን ብቻ።

ኮርቻ ላይ ደሞ ዋናው ነገር ከመሀል የአከርካሪው አጥንት ላይ ብርሃን እንዲታይ ነው። ሰው ተቀምጦበት ከኋላ ጎንበስ ብላችሁ እዩ፣ ከኮርቻው ስር መሀል ላይ ባለው ቦይ ብርሃን ካላያችሁ ኮርቻው አጥንቱ ላይ ነው የተቀመጠው። ከጋለባችሁ በኋላ ኮርቻውን ስታነሱ የላቡን ቅርጽ ተመልከቱ፣ ሁሉም ቦታ ረጥቦ መሀል ላይ እፍኝ የምታክል ደረቅ ቦታ ካለች እዛች ቦታ ላይ በጣም ተጭኗል። ከጊዜ በኋላ እዛው ቦታ ነጭ ጠጉር ካበቀለ ድሮ ተጎድቶ ነበር ማለት ነው፣ ፈረስ ልትገዙ ስትሄዱ ጀርባውን በዚህ ዓይን እዩት።

ልጓምስ ካላችሁ፣ ከፌሮ ተጠማዝዞ የተሠራውን ጣሉት። ለስላሳ ብረት፣ አፉ ዳር ላይ አንድ ሁለት ሽብሽብ ብቻ የሚያመጣ። ከመክተታችሁ በፊት ብርዳማ ጠዋት ከሆነ በእጃችሁ አሙቁት፣ ምላስ ላይ በውርጭ የቀዘቀዘ ብረት ምን እንደሚመስል አስቡት። የአፉ ጥግ ላይ ትንሽ ቫዝሊን።

ቁስል ካለውስ ምን ልቀባ?

መጀመሪያ ማጠብ። አንድ ሊትር ፈልቶ የቀዘቀዘ ውሃ ላይ 9 ግራም ጨው፣ በሻይ ማንኪያ አንድ ተኩል ገደማ፣ በዚህ ብዙ አፍስሳችሁ አጥቡት፣ ብዙ። ከዛ አዮዲኑን በውሃ ቀጥናችሁ ደካማ ሻይ እስኪመስል ድረስ፣ ወፍራሙን አትድፉበት ሥጋውን ያቃጥለዋል። ንጹህ ማር ላዩ ላይ መቀባት በጣም ጥሩ ነው፣ በሐኪሞችም ዘንድ የታወቀ ነገር ነው፣ ዝንብ እንዳይሰበሰብ ግን በንጹህ ጨርቅ ሸፍኑት። የባትሪ አሲድ፣ ናፍጣ፣ አመድ፣ በጋለ ብረት መተኮስ፣ እነዚህን ሁሉ አይቻለሁ፣ አንዱም አላዳነም። ተኩሱ እንዲያውም ሁለተኛ ቁስል ነው።

አንድ ነገር ግን ቁስል መስሎ ቁስል ያልሆነ አለ፣ እግሩ ወይ አንገቱ ላይ እንደ መቁጠሪያ ተደርድሮ የሚወጣ እባጭ፣ አንዱ ሲፈነዳ ሌላው የሚከተል። ይሄ ከፈንገስ የሚመጣ በሽታ ነው፣ በተለይ ሞቅ ባሉ ወይና ደጋ ከተሞች የጋሪ ፈረስ ላይ ብዙ ነው፣ ከፈረስ ወደ ፈረስ በቁስል፣ በዝንብና በተዋዋሱት ዕቃ ይተላለፋል። በጊዜ ከታየ ሕክምና አለው፣ ከቆየ ከባድ ነው። ስለዚህ ለጎረቤት ማርና ስኳር አበድሩ፣ የፈረስ ዕቃና ብሩሽ ግን አታዋሱ።

መዥገር በዛበት፣ የከብቱን መድኃኒት ልርጨው?

ስሙን ሳታነቡ አይሆንም። ለከብት መዥገር የሚረጨው አሚትራዝ ለፈረስ አይሆንም፣ አንጀቱን ያቆመዋል፣ ከዛ ድርቀትና ሆድ ቁርጠት ነው። አንድ የመኖና የመድኃኒት ሱቅ ያለ ልጅ ለሁሉም እንስሳ ይሆናል ብሎ ሊሸጥልኝ ነበር፣ ጠርሙሱን አዙሬ ሳነበው ያው አሚትራዝ ነው፣ መልሼ ሰጠሁት። ጥቂት መዥገር ከሆነ በእጅ ንቀሉ፣ ጆሮው ውስጥ፣ ጭራው ስርና ብልቱ አካባቢ ፈልጉ። ለዝንብ ደሞ ፋንድያውን በየቀኑ ከበረቱ አርቁ፣ ከዛ የሚበልጥ ስፕሬይ አላየሁም። በዓል ላይ ግንባሩ ላይ የምታስሩለት የክር ዘርፍ አለ አይደል፣ እሱን በሥራ ቀንም እሰሩለት፣ ራሱን በነቀነቀ ቁጥር ዝንቡን ከዓይኑ ያባርርለታል።

የትል መድኃኒት በየስንት ጊዜ?

የምችል ከሆነ ፋንድያውን አስመርምሬ ነው የምሰጠው፣ ካልሆነ ክረምት ሲገባና ክረምት ሲወጣ። ፌንቤንዳዞል ወይ አይቨርሜክቲን ይሆናል፣ ግን በአፍ የሚሰጠው። ለከብት ተብሎ በመርፌ የሚሸጠውን አይቨርሜክቲን ፈረስ ላይ አትውጉ፣ የተወጋበት ቦታ ላይ ከባድ እብጠትና መመረዝ ሊያመጣ ይችላል። በልኩ ስጡ፣ ከላይ ያልኳችሁ የክብደት ስሌት ለዚህ ነው፣ አሳንሳችሁ ስትሰጡ ትሉ አይሞትም፣ መድኃኒቱን ይለምደዋል።

ክትባትስ?

የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ዋናው ነው። ማታ ማታ በሚነክሱ ጥቃቅን ትንኞች ነው የሚተላለፈው፣ ትኩሳት፣ ከዓይኑ በላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ ማበጥ፣ ሳንባው ላይ ሲሆን በአፍንጫው አረፋ። ከያዘው በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ክትባቱ እዚሁ ሀገራችን ቢሾፍቱ ይመረታል፣ ዝናቡ ሳይገባ ወረዳችሁ የእንስሳት ክሊኒክ ሄዳችሁ ጠይቁ፣ ለብቻችሁ ሳይሆን የሰፈሩን ፈረሶች ሰብስባችሁ ብትጠይቁ ቶሎ ይመጡላችኋል። ትንኞቹ የሚበዙበት ወቅት ላይ ከመምሸቱ በፊት በረት አስገቡት፣ ረግረግ አጠገብ አታሳድሩት።

የእብድ ውሻ በሽታንም አትርሱ። ፈረስ ለሃጩ ከተዝረከረከና መዋጥ ካቃተው አንድ ነገር ጉሮሮው ላይ ተቀርቅሮበት ነው ብላችሁ እጃችሁን አፉ ውስጥ አትክተቱ።

ለጥምቀትና ለፈረስ ጉግስ እንዴት ላሳምረው?

ይሄን ጥያቄ በጣም ነው የምወደው። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የአገው ፈረሰኞች ሲወጡ አይታችሁ ከሆነ፣ ማኅበሩ ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ነው፣ ፈረሱ ከሰውየው እኩል ለብሶ ነው የሚወጣው። አባ ዳኘው፣ አባ ታጠቅ፣ አባ ነፍሶ እያልን ጀግኖቻችንን በፈረሳቸው ስም የምንጠራ ሰዎች ነን፣ እና ፈረስ ሲያምር ደስ ይለኛል።

ከሁለት ቀን በፊት እጠቡት እንጂ በዋዜማው ማታ አይሆንም፣ ረጥቦ ብርድ ላይ አያድርም። የሰው ሻምፖ ቀጠን አድርጋችሁ፣ ደሞ በደንብ ይለቅለቅ፣ የቀረ ሳሙና ያሳክከዋል። ጋማውንና ጭራውን በማበጠሪያ አትጎትቱ፣ የጭራ ጠጉር ተነቅሎ እስኪመለስ ዓመት በላይ ነው፣ ኮንዲሽነር ወይ ትንሽ የፀጉር ቅባት ቀብታችሁ በጣታችሁ ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ፍቱት። ግላሱና ጌጡ በበዓሉ ቀን የመጀመሪያው አይሁን፣ ሳምንት ቀደም ብላችሁ አልብሳችሁ አራምዱት፣ የቃጭሉን ድምፅ ይልመደው፣ በሕዝብ መሀል የደነገጠ ፈረስ ሰው ይረግጣል።

ብርድ ላይ ልብስ ያስፈልገዋል?

ደረቅ ሆኖ ከነፋስ ከተጠለለ አያስፈልገውም፣ ጠጉሩን ራሱ ያወፍራል። የሚጎዳው ዝናብና ነፋስ አንድ ላይ ሲሆኑ ነው፣ ወይ ላብ ላይ እንዳለ ማታ ሲቆም። በጭድ እፍኝ አድርጋችሁ ጠጉሩን እያገላበጣችሁ እሹት እስኪደርቅ። እና ብርድ ቀን ላይ ድርቆሽ ጨምሩለት፣ ሆዱ ውስጥ ሳሩ ሲፈጭ ነው የሚሞቀው።

ሆዱን ሲያመው እንዴት አውቃለሁ፣ ሐኪም እስኪመጣስ ምን ላድርግ?

ጎኑን ዞር ብሎ ያያል፣ መሬት በፊት እግሩ ይጭራል፣ ይተኛል ይነሳል፣ ይንከባለላል፣ ላብ ያልበዋል፣ መኖ አይነካም፣ ፋንድያ አይጥልም። ጆሯችሁን ጎኑ ላይ ለጥፉ፣ ጤነኛ ሆድ ሁሌ ይንጎራጎራል፣ ጭጭ ካለ መጥፎ ነው። ድዱን በጣታችሁ ተጭናችሁ ልቀቁ፣ ነጣ ያለው ቦታ በ2 ሴኮንድ ውስጥ ወደ ሮዝነቱ መመለስ አለበት። መንጋጋው ስር የደም ሥሩን ፈልጋችሁ በደቂቃ ስንት እንደሚመታ ቁጠሩ፣ አርፎ የቆመ ጤነኛ ፈረስ ከ28 እስከ 44 ነው፣ ከ60 ካለፈ አትጠብቁ።

መኖውን በሙሉ አንሱ። ቀስ አድርጋችሁ አራምዱት፣ ግን እስኪደክም ድረስ ሰዓታት አይደለም፣ ዝም ብሎ ከተኛ ይተኛ፣ የሚንከባለል ከሆነ አስነሱት፣ ራሳችሁን ከእግሩ ጠብቁ። በጠርሙስ ዘይት፣ አረቄ፣ ሳሙና የቀላቀለ ውሃ ምናምን አፉ ውስጥ አታፍስሱ፣ ሳንባው ውስጥ ነው የሚገባው፣ ሆዱ ቢድን እንኳ ሳንባው ይገድለዋል። ማስታገሻ መርፌም ከሐኪም በፊት አይሆንም፣ ሕመሙን ይደብቅበታል።

ሐኪሙ ጋ ስትደውሉ አሞታል ቶሎ ና ብቻ አትበሉት፣ የልቡን ምት፣ ሙቀቱን፣ መጨረሻ መቼ ፋንድያ እንደጣለ፣ ትናንትና ዛሬ ምን እንደበላ፣ መኖ ተቀይሮበት እንደሆነ፣ ባዝራ ከሆነች እርጉዝ መሆኗን፣ እና ክብደቱን ንገሩት። እኔ ይሄን ሁሉ በካርቶን ጽፌ በረቱ በር ውስጠኛ በኩል በሚስማር መትቼዋለሁ፣ ከአጠገቡ እርሳስ በክር ተንጠልጥሏል፣ የሁለቱም ፈረሶች ኪሎና የጤናቸው ቀን ሙቀት ከነልብ ምታቸው ተጽፎበታል፣ ምክንያቱም የዛን ሰዓት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ቁጥር ከጭንቅላት ይጠፋል፣ እኔ ከሌለሁም ጠባቂው አንብቦ ይነግርልኛል።